ሦስቱ የጃርት እሾኾች

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ከሰው ክፉ አመል ተምረው ስብሰባ መውደድ በጀመሩበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ የኩሬ ቁፋሮ ደቦ ተጠራ። ክረምቱ ሳይገባ ኩሬው ካልተቆፈረ፣ በጋውን የሚያልፍ ነፍስ አይኖርም ነበር።

የዚያ ጫካ ሸንጎ አንድ ልማድ ነበረው። አንዱ ሐሳብ ሲያመጣ ሌላው ሁሉ «ግሩም ነው» ይላል። እውነት ግሩም ሆኖ አይደለም፤ ይሉኝታ ይዞት ነው። በሆዱ ያልተስማማው ደግሞ «እናያለን» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማየቱንም አያይም። ከዚህ ልማድ ያፈነገጠች እመት ጃርት ብቻ ነበረች። ተናጋሪው ሳይጨርስ «አይሆንም!» ትላለች፤ እሾኋም አብሯት ይቆማል። ስለዚህ ግራና ቀኟ ሁልጊዜ ባዶ ነው። የምትለው አብዛኛው ልክ ነበር፤ ግን እየተወጋ እውነት የሚሰማ ማን አለ?

አንድ ቀን አያ ዝንጀሮ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ኩሬው ኮረብታው አናት ላይ ይቆፈር» አለ።

«ግሩም ነው» አለ ሰብሳቢው ዝሆን። «ግሩም ነው» አለ ሸንጎው።

የጃርት ደም ፈላ። ጉድጓዷ ከኮረብታው ሥር ነው። የኮረብታው አፈር አሸዋ ስለሆነ ውሃው ንዶት የሚወርደው በቀጥታ ሁለት ልጆቿ በተኙበት ላይ ነው። «አይሆንም! ራስ ነው ወይስ ቅል የተሸከምከው?» ብላ ስትዞር፣ ሦስት እሾኽ ዝንጀሮ መቀመጫ ላይ ተሰካ።

ዝሆን ፈረደ። የወጋ ራሱ ይንቀል፤ ቁፋሮውም በማግስቱ ኮረብታው ላይ ይጀመር።

ጃርት ከዝንጀሮ ኋላ ተቀመጠች። ጀርባውን ሰጥቶ ከሚያቃስት ጋር መጨቃጨቅ አይመችም፤ ስለዚህ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀች።

«ለመሆኑ አያ ዝንጀሮ፣ ኮረብታውን ለምን መረጥከው?»

«ኧረ ቀስ በይ! አምና ውሃ ልትጠጣ የወረደች ታናሽ እህቴን ነብር በላብኝ። ከላይ ሆነን ብንጠጣ ሲመጣ እናየዋለን ብዬ ነው።»

የጃርት እጅ ቆመ። ሞኝ ነው ስትለው ኖራለች፤ ለካስ ሐዘንተኛ ኖሯል። አፈረች።

«ፍርሃትህ እውነት ነው» አለችው። «ነብሩን የሚያይ ዘብ ያስፈልገናል። አፈሩን ግን እኔ ስቆፍረው የኖርኩ ነኝ፤ ውሃ የሚይዝ አይመስለኝም። ና፣ አናቱ ላይ አንድ ቅል ውሃ እናፍስ፤ ከቆየ እኔው ቀድሜ እቆፍርልሃለሁ።»

ወጥተው አፈሰሱ። እዚያው ሦስተኛውን እሾኽ ነቅላ ሳትጨርስ ውሃው ሰምጦ አለቀ።

«እንግዲያው ኩሬው ታች ይሁን፣ ዘቡ ላይ» አለ ዝንጀሮ ራሱ። በማግስቱም ብቻውን ያፈለቀው አስመስሎ ለሸንጎው አቀረበው። ጃርት ምላሷን ነከሰች። «ግሩም ነው» አለ ዝሆን፣ ትናንት ባለበት ድምፅ።

ይህን ጊዜ አያ ጅቦ ከኋላ ተነሣ። «እናቶች ቁፋሮ ላይ ሲደክሙ፣ ልጆቹን እኔ ብጠብቅስ?»

ሸንጎው መሬት መሬት አየ። ይሉኝታ ክፉ ነውና ቀስ ብሎ «ግሩም ነው» አለ። እመት ሚዳቋ እንኳ ግልገሏን ወደ ጉያዋ እየሳበች «ግሩም» አለች።

የጃርት እሾኽ ቀጥ አለ። ዝንጀሮ መቀመጫውን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሷ ግን በረጅሙ ተነፈሰች፤ እሾኋም ቀስ በቀስ ተኛ።

«አያ ጅቦ፣ ለእናቶች ማሰብህ ደስ ይላል» አለች። «ልብህን አመሰግናለሁ፤ የምፈራው ሆድህን ነው። ዔሊ መቆፈር አትችልምና ልጆቹን እሷ ትያዝ። ያንተ ጉልበት ግን ለቁፋሮው ያስፈልገናል። ከፊት፣ ከዝሆን አጠገብ፣ ሁላችንም በምናይህ ቦታ ቆፍር።»

«ግሩም ነው» አለች ሚዳቋ፣ ማንንም ሳትጠብቅ። በዚያ ሸንጎ ከልብ የተባለው የመጀመሪያው ግሩም ይኸው ነበር።

ኩሬው ክረምቱን ቀድሞ አለቀ። ጅብም መዳፉ ተልጦ፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ከዝንጀሮ አጠገብ ተዘረጋና እንዲህ አለ፦ «ያንተስ ሦስት እሾኽ ነበር፣ ተነቀለልህ። ይሄን በማር የተለወሰ ‹አይሆንም› የት አግኝቼ ልንቀለው?»