ጋሽ ጫኔ እጃቸውን ሲያወጡ

ያለ እሳቸው የተጀመረ ስብሰባ ይኖር ይሆናል፤ ያለ እሳቸው ያለቀ ግን በአገራችን የለም። ማንን እንደምል ታውቃላችሁ። አዳራሹ ሲያዛጋ፣ ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ» ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ከኋላ ወንበር ቀስ ብላ የምትወጣ አንዲት እጅ አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ሳያይ የማን እንደሆነች ያውቃል። ግማሹ ይቃትታል፤ ሊወጣ የተነሳው ግማሽ ተመልሶ ይቀመጣል።

በእኛ በመንዝ ያቺ እጅ የጋሽ ጫኔ ናት። ሊቀ ጠያቂያን፣ መጋቤ ጥርጣሬ፣ ክቡር ጋሽ ጫኔ፤ ገብስ አራሽና በግ አርቢ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናቸውን ትከሻቸው ላይ ያስተካክላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ «አንዲት ነገር ብቻ» ይላሉ። አንዲት ሆና አታውቅም።

እኔ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ በሦስተኛው ወር መዝገቡ ተሰጠኝ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ አካባቢ ጥበቃና ስለ ንጹሕ ኃይል ብቻ ሁለት መዝገብ ሞልቻለሁ። ደገኞች ስለሆንን ነው መሰል፣ የዓለም አየር የሚያስጨንቀው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እኛ ዘንድ ነው።

ማገዶ ቆጣቢው ምድጃ የመጣ ጊዜ ባለሙያው ምድጃው እንጨት በግማሽ እንደሚቀንስ በሥዕል አስረዳ። ጋሽ ጫኔ እጃቸውን አወጡ። እኛ የምናነደው ኩበት ነው፤ ግማሹን የሚቀንስልንን እንጨት መጀመሪያ ከየት እናምጣለት? አሉ። ባለሙያው «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። ይህ በስብሰባ ቋንቋ «መልስ የለኝም» ማለት ነው። ምድጃዎቹ ዛሬ ዶሮዎች እንቁላል ይታቀፉባቸዋል፤ ለዚያስ የተመቹ ናቸው።

በፀሐይ የሚሠራው የውሃ መሳቢያ ሲመጣ ደግሞ፣ ክረምት ሲገባ ጉሙ ሁለት ወር እዚህ እንደሚከርም ካስታወሱ በኋላ «ፀሐይቱ ሱባኤ ስትገባ ማን ይስብልን?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝና ብዕሬን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። ሱባኤ የምትገባ ፀሐይ! ባለሙያዎቹም ስቀው ሲያበቁ ትልቅ ማጠራቀሚያ ጨመሩበት።

የነፋስ ኃይል ሊያጠና የመጣው ኢንጂነር ግን ያሳዝናል። ነፋሱን ከወሰዳችሁብን አውድማ ላይ ገብሱን ከገለባው በምን እንለየዋለን? አሉት። ልጁ ነፋስ ቢሠራበትም እንደማያልቅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ በሰሌዳ ጭምር አስረዳ። ጋሽ ጫኔ በአክብሮት አዳምጠው ሲያበቁ እንደቀለዱ ነገሩት።

ሊቀመንበራችን አቶ መልከ ጼዴቅ ያልሞከሩት ዘዴ የለም። «ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ» ሲሉ ጋሽ ጫኔ አሥራ አንድ ገጽ ይዘው መጡ። «ዛሬ ዕድሉ ለሴቶች» ሲሉ ደግሞ ጋሽ ጫኔ ባለቤታቸውን እትዬ እታገኝን አየት አደረጉ። እትዬ እታገኝ ተነሥተው፣ ባላቸው በሩብ ሰዓት የሚሉትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ብለው፣ መልስ የሌለው አድርገውት ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ከዚያ ወዲህ ባልየውን ይመርጣሉ።

ሌላውን ብቻ የሚጠይቁ እንዳይመስላችሁ። ከቀበሌያችን በላይ ጓሳ አለ። ጓሳ የቦታውም የሣሩም ስም ነው። ቤታችን የሚከደነው፣ ገመዳችን የሚገመደው፣ ዝናብ የምናመልጥበት ገሳ የሚሠራው በዚያ ሣር ነው። በአባቶች ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሽማግሎች መክፈቻውን ቀን እስኪያውጁ ማጭድ አይነካውም፣ በግ አይግጠውም። አንድ ጊዜ የጋሽ ጫኔ በጎች በጉም ውስጥ ጠፍተው ከተዘጋው ሣር ገቡ። ማንም አላየም። ጋሽ ጫኔ ሄደው ራሳቸውን ከሰሱ። ሽማግሎቹ አንድ ጠቦት ፈረዱባቸው። ፍርዱን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆሙ። አሥር በግ ለጋጠው ሣር አንድ ጠቦት መቅጣት ሌላውን አያደፋፍርም ወይ? ሽማግሎቹ ተማክረው ሁለት አደረጉት።

እንግዲህ ባለፈው ሚያዝያ የሆነውን ልናገር።

የሚተከል የችግኝ ቁጥር ከበላይ አካል መጣ። ቁጥር ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። የተመረጠው ቦታ የጓሳ ጫፍ፣ አራት ዓመት የተዘጋው ሣር ሆነ። ዕቅዱ ላይ «ባዶ መሬት» ተብሏል። የፈረንጅ ጥድ ሊተከልበት፣ ችግኙ እስኪጠና ድረስም አሥር ዓመት ሰው እንዳይገባበት ነው። ሣሩ ግን በመጪው የካቲት ሊከፈት ቀን ተቆርጦለት ነበር፤ ከጋሽ ጫኔ ቤት ጀምሮ ሠላሳ ሦስት ጣሪያ እያፈሰሰ ያንን ቀን ይጠብቃል።

ጋሽ ጫኔ ተነሡ፤ ጠየቁ፤ ደገሙ። ምሳ ሰዓት አለፈ። አቶ መልከ ጼዴቅ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «ጥያቄውን ተወው፤ ተግባብተናል» አሉኝ። እጄ ደክሞ ነበር፤ ርቦኝም ነበር። ተውሁት። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ጥያቄ አልተነሣም። ባዶው መሬት እንዲተከልበት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።» አጭርና የሚያምር ዐረፍተ ነገር ነበር። ኃጢአት ብዙ ጊዜ ያምራል።

ሰኔ ላይ ችግኞቹ በሁለት አይሱዙ ተጭነው መጡ። ከዞን ወይዘሪት ፀደንያ የምትባል ባለሙያ አብራ መጣች። በደንቡ መሠረት ከመሬቱ ርክክብ በፊት ያለፈው ቃለ ጉባኤ በሕዝቡ ፊት ይነበባል፣ ከዚያ ይፈረማል። አቶ መልከ ጼዴቅ ገና ሲከፍቱ «ዛሬ ንባብና ፊርማ ብቻ ነው፤ ጥያቄ የለም» አሉ። ከኋላ የወጣችው እጅ ትንሽ ቆይታ ወረደች። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስትወርድ አይቻት አላውቅም። ከጋሽ ጫኔ ጎን እትዬ እታገኝ አንገታቸውን ደፉ።

ቆሜ ማንበብ ጀመርሁ። ቀኑን አነበብሁ፤ የተገኙትን ሰዎች ስም አነበብሁ። «የተነሡ ጥያቄዎች» የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኔ የጻፍሁትን አየ፤ አፌ ግን ሌላ አነበበ።

«አንደኛ» አልሁ፤ «ዛፉ ከሣሩ ሥር የሚፈልቁትን ምንጮች ሲጠጣ ታች ያለው ሰው ምን ይጠጣል? ሁለተኛ፣ ሣሩ ሲጠፋ አይጧ የት ትሄዳለች? አይጧን የሚበላው ቀይ ቀበሮስ?» ቀጠልሁ። ሦስተኛ፣ ጣሪያው። አራተኛ፣ ሽማግሎቹ። እኔ የራሴን ግጥም መድረክ ላይ ሦስተኛው ስንኝ ላይ የምረሳ ሰው፣ የጋሽ ጫኔን ጥያቄዎች ከነእስትንፋሳቸው በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ጉሮሮ መጥረጉን እንኳ አልዘለልሁም። «ሰባተኛ» አልሁ በመጨረሻ፤ «ሣር የሞላበትን መሬት ባዶ ያለው ማነው?»

አቶ መልከ ጼዴቅ መነጽራቸውን አውልቀው ይህ የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከእኔ በፊት ወይዘሪት ፀደንያ ተናገረች።

«ምንጭ አለ እንዴ እዚያ? እኔ ጋ ያለው ወረቀት ላይ የለም።»

«ነይና እይው፣ ልጄ» አሉ እትዬ እታገኝ።

ስብሰባው እንዳለ ሽቅብ ወጣ። ባለሙያዋ ተንበረከከች፣ ሣሩን ገለጥ አድርጋ እጇን ሰደደች፤ እጇ እስከ አንጓዋ እርጥብ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ዕቅዱን አውጥታ «ባዶ» የሚለውን ሰረዘችው። ችግኞቹ ከታች ጎርፍ ወደ ቦረቦረው ተዳፋት ተላኩ፤ እዚያ ጋሽ ጫኔ ራሳቸው ጉድጓድ ሲቆፍሩ ዋሉ። የሣሩ መክፈቻ ቀንም እንደተቆረጠ ጸና።

ስንመለስ ጋሽ ጫኔ አጠገቤ መጥተው አብረውኝ ይራመዱ ጀመር። ጥያቄያቸውን ከመዝገብ አስቀርቼ ነበርና ወቀሳ ጠበቅሁ፤ በቃሌ ስለያዝሁት ደግሞ ትንሽ ምርቃት ተመኘሁ።

«ስድስት ነበሩ» አሉኝ ድንገት።

«ምኖቹ፣ ጋሼ?»

«ጥያቄዎቼ። እኔ የጠየቅሁት ስድስት ነው። ሰባተኛዋን አላልኋትም።»

ፊቴ ጋለ። እሳቸው ባናቸውን አስተካከሉ፤ ሊስቁ ይሁን ሊቆጡ አልለየሁም።

«ከስድስቱም ትበልጣለች» አሉ። «በእኔ ስም እንዳትጽፋት።»

በማግሥቱ መዝገቡን አርሜ ስድስቱን በስማቸው፣ አንዷን በስሜ ጻፍሁ።