የውሃው ጉልበት ሙግት

ባሕር የሌለው ሰው የባሕር ወሬ ይወዳል። እስቲ እኛን ተመልከቱን። ከተማችን ባሕር ዳር፣ ዛፋችን ባሕር ዛፍ፣ እሸታችን የባሕር ማሽላ፤ ባሕሩ ራሱ ግን የለም። ድንኳኑ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ዘፋኙ ተጠርቶ ሙሽራው የቀረበት ሰርግ ነው የሚመስለው። ታዲያ ምን ቸገረን? ሰርጉን እየበላን ስለ ሙሽራው እናወራለን።

እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስሁ ነኝ። ትውልዴ ወሎ፣ እንጀራዬ ጎጃም ነው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ፊዚክስ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። በየዓመቱ አንድ ርዕስ ላይ ስደርስ ግን እንደ ጀማሪ ላብ ያጠምቀኛል። ርዕሱ ከሚንቀሳቀስ ውሃ ርካሽና የማያልቅ መብራት ስለ ማውጣት ነው። ጨረቃ ባሕሩን ወደ ላይ ትስበዋለች፣ ባሕሩ ይሞላል፤ ትለቀዋለች፣ ይጎድላል፤ ሰው ደግሞ በመካከል መዘውር አስገብቶ ከሚሄደውም ከሚመጣውም ውሃ መብራቱን ይለቅማል። ይህን የምናገረው እኔ ከጣና የሚበልጥ ውሃ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ጨረቃ ባሕር የሚያህል ነገር ካነሳች የእናቴን እንስራ ውሃ ለምን አታነሳውም?» አለችኝ። «ታነሳዋለች፤ ግን በጣም በጥቂቱ» አልኋት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መልሴ ትክክል ነበር። ትክክል መሆን ከመሳቂያነት እንደማያድን ያን ቀን መማር ነበረብኝ፤ አልተማርሁም።

ወደ ነገሬ ልግባ። መጋቢት ላይ ስማቸው ደወለልኝ። ስማቸው የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ እኔ ስለ ጉልበት ሳስተምር ጉልበቱን አቅፎ የሚተኛ። ዛሬ ቡሬ ላይ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መገንጠያ አጠገብ ብየዳ ቤት አለው። የግቢ በር፣ ጋሪ፣ የተሰበረ የባጃጅ ወንበር፣ ብቻ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ከእጁ አይወጣም። ብረት በስንት ሙቀት እንደሚቀልጥ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የሚያቀልጠው እሱ ነው።

«መምህር፣ በሞቴ አንድ ቀን ይምጡልኝ» አለኝ። «መዘውሩን ሠርቼ ጨርሻለሁ። ገበሬዎቹ ውሃው ላይ እንዳላወርደው ከለከሉኝ።»

«ለምን?»

«የውሃችንን ጉልበት ይወስድብናል ብለው።»

ሳቅሁ። በኋላ እንደምታዩት፣ ያለ ጊዜው የወጣ ሳቅ ነበር።

ስማቸው ጥሩዓለም የምትባል እህት አለችው። ከማንኩሳ ወዲያ፣ ባጃጅ የሚችለውን ያህል ወስዶ ቀሪውን ለእግር ከሚተውበት አንድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ ጤና ኬላ ላይ ትሠራለች። የመብራት ምሰሶው አስፋልቱን ይዞ አልፏል፤ ወደ እነሱ አልታጠፈም። ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ አለው፤ የፀሐይ ባትሪው ከሞተ ወዲህ ግን መዝገብ የሚደረደርበት ቁም ሣጥን ሆኗል። ስለዚህ ጥሩዓለም ክትባቱን ከማንኩሳ በበረዶ ሳጥን በትከሻዋ ታመጣለች። አንዳንዴ እሷ ትቀድማለች፤ አንዳንዴ በረዶው ቀድሞ ይቀልጣል። በረዶው ሲቀድም ክትባቱ ይደፋል፣ ጨቅላ አዝለው ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጡት እናቶችም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀጠሮ ከእናቶቹ ግማሾቹ አልመጡም። ያን ቀን ጥሩዓለም ለወንድሟ ደውላ አለቀሰች።

ወንድም ልቅሶ ሲሰማ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ስማቸው ሲሆን ይበይዳል። በርሜል ቁመቱን ሰንጥቆ መቅዘፊያ አደረገ፤ ሌሎች ሁለት በርሜሎችን ደፍኖ እንደ ታንኳ እንዲንሳፈፉ አበጀ፤ መካከላቸው መዘውሩን፣ ከመዘውሩ ጎን የአሮጌ የጭነት መኪና ዲናሞ ገጠመ። ግድብ የለም፣ ቁፋሮ የለም። እንደ በግ በሽቦ ገመድ ታስሮ ወንዙ ላይ ይቆማል፤ ውሃው በመንገዱ ሲያልፍ ያዞረዋል፤ በቃ። ይህ ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው ነቅቶ ሲሰማኝ የነበረው?

«እርስዎ መምህር ነዎት» አለኝ። «ከውሃው ምንም አይወስድም ብለው ይንገሩልኝ።»

«እነግራቸዋለሁ» አልሁት።

የወንዙን ስም አልጠራላችሁም፤ ምክንያቱ ኋላ ይገባችኋል። ስደርስ ሰዉ ከወንዙ ዳር ሾላ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ጉባኤውን የያዙት አያ ልየው ናቸው። አያ ልየው የቀበሌው የውሃ አባት ናቸው፤ ከወንዙ በተጠለፈው ቦይ ማን በየትኛው ቀን በርበሬውን እንደሚያጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ስለሆኑ፣ ወንድማማቾች በመሬት ሲጣሉ ወደ ፍርድ ቤት፣ በውሃ ሲጣሉ ወደ አያ ልየው ነው የሚሄዱት። ቀጭን፣ ዝግተኛ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ፍሩት።

«መምህር፣ እንኳን ደህና መጡልን» አሉኝ። «እኛ ያልተማርን ነን፤ እንዳይታዘቡን። ይኸ መብራት የምትሉት ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከውሃው ነው።»

«ከውሃው ከምኑ?»

«ከጉልበቱ።»

ስማቸው ከበርሜሎቹ አጠገብ ሆኖ በዓይኑ ይለማመጠኛል።

«እንግዲህ» አሉ አያ ልየው፣ «በሬዬን ተውሰው ቀኑን ሙሉ ሲያርሱበት ውለው ማታ ቢመልሱልኝ፣ ቀንዱ አልጎደለም፣ ቆዳው አልጎደለም። ግን የጠዋቱ በሬ ነው?»

እዚህ ላይ «ውሃና በሬ አንድ አይደሉም» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጉልበት ከምንም እንደማይፈጠር፣ ከአንዱ የሚወጣው ከሌላው ተቀንሶ እንደሆነ ሳስተምር ኖሬ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ያውም በዐቢይ ጾም፣ መዋሸት አልሆነልኝም።

«አይደለም» አልሁ። «ከውሃው ይቀነሳል። ግን በጣም በጥቂቱ።»

ሾላው ሥር የተነሳውን ጫጫታ ልነግራችሁ አልችልም። «ይኸው! ራሱ መሰከረ!» የሚለው፣ «ጉልበቱን ከወሰዳችሁበት በምኑ ተራምዶ ማሳችን ይደርሳል?» የሚለው፣ ሁሉም ባንድ ላይ ተነሳ። መዘውሯ በሬ ላይ ያረፈች ጉንዳን ማለት ናት ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ። አያ ልየው በትሕትና አቋረጡኝ፤ «ዛሬ ጉንዳኗ አንዲት ናት። ነገስ?» አሉኝ።

አንዲት እናት ደግሞ ከብቶቻቸው ከመዘውሩ በታች ሲጠጡ ይነዝራቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። በፍጹም አይነዝራቸውም አልኋቸው። «እሺ፣ መብራቱ ውሃው ውስጥ የነበረ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ ስንጠጣው እንዴት ሳይነዝረን ቀረ?» አሉኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔዋ እውነት ግን በተናገርኋት ቁጥር ትጨልም ጀመር። ጥያቄያቸውን እስክመልስ ድረስ መብራት ከየት እንደሚመጣ እኔም መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

ያን ጊዜ ጥሩዓለም ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ አያ ልየው ዞረች። «አያ፣ ስለ ጉልበት አላውቅም። በረዶ ሲቀልጥ ግን አውቃለሁ። የናንተን ልጆች ክትባት መሬት ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ። ለአንድ ቀን ይፍቀዱልኝ። ቦይዎ በጥቂቱ እንኳ ከጎደለ፣ ወንድሜ መዘውሩን ቆራርጦ የግቢ በር ይሥራበት።»

«ዋስ ጥሪ» አሏት አያ ልየው።

«ዋሴ መምህር ናቸው» አለች።

አስቡት እንግዲህ። ውሃው ይቀንሳል ብዬ የመሰከርሁት እኔ፣ ውሃው ላለመቀነሱ ዋስ ተጠራሁ። እምቢ እንዳልል ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እሺ እንዳልል ገና አሁን የተናገርሁት አለ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ አላስታውስም። እሺ ተብሎ ተቆጠረ።

ስማቸው ሊያወርደው የፈለገው ከቦዩ አፍ በላይ ነበር። አያ ልየው ግን፣ «ከቦዩ በታች ይሁን። የሚበላ ከሆነ ከኛ ተርፎ የሄደውን ይብላ» ብለው ፈረዱ። ከቦዩ በታች ያለው ውሃ የሌላ ቀበሌ ነዋ። ይህን ፍርድ ማንም አልተቃወመም። ሰው በማያየው ጎረቤቱ ላይ ሁልጊዜ እንደጨከነ ነው።

ከቦዩ አፍ ጥቂት እርምጃ ዝቅ ብሎ ወንዙ በሁለት አለቶች መካከል ይጨመቃል። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ እንዲሉ፣ በዚያ በበጋ እንኳ ድምፁ ይሰማል። አያ ልየው ቦዩ አፍ ላይ ችካል ተክለው የውሃውን ልክ በማጭድ ምልክት አደረጉበት። ወንዶቹ መዘውሩን ተሸክመው አወረዱት። ስማቸው የሽቦ ገመዱን ከግራና ከቀኝ አለት አሰረ። መቅዘፊያዎቹ አንዴ አመነቱ፣ ተንገራገጩ፣ ከዚያ ዞሩ። ስማቸው ለሙከራ ባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ያንጠለጠላት አምፖል በጠራራ ፀሐይ በራች።

አምፖሏን ያየ ሰው እኔና ጥሩዓለም ብቻ ነን። ሰዉ ሁሉ የሚያየው ችካሉን ነበር።

አያ ልየው ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ከተው ችካሉን ዳሰሱ። ምልክቱ የለም። እንደገና ዳሰሱ። ምልክቱ ነበር፤ ከውሃው በታች ሆኖ ነበር። ውሃው አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል፤ ቦያቸው ከጠዋቱ ይልቅ ሞልቶ ይፈሳል!

ነገሩ ቀላል ነው። በጠባብ በር ላይ ሰው ቢቆም ከኋላው ሰልፍ ይበዛል። መዘውሩም በአለቶቹ መካከል ቆሞ ውሃውን በመጠኑ ሲይዘው፣ ከበላዩ ያለው ተጠራቅሞ ከፍ አለ። ከታች የሚወሰደው ጉልበት ከዚህ ከፍታ ነው የሚከፈለው፤ ሕጉ አልተሻረም፣ እኔም አልዋሸሁም። ይህን ሁሉ አሁን በኩራት እነግራችኋለሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ እንደማንም አፌን ከፍቼ ነበር የቆምሁት። ዕድሜ ልኬን ያስተማርሁት ነገር ፊቴ ላይ ሲሠራ አላወቅሁትም።

አያ ልየው ቀና ብለው አዩኝ። ጣታቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

«መምህር፣ ይኸን ያውቁ ነበር?»

ኃጢአቴ እዚህ ላይ ናት። አዎ አላልሁም፤ አይደለም አላልሁም። ሳልሁ።

ሳሉን እንደ አዎንታ ወሰዱት። ፊታቸው ቀስ እያለ በፈገግታ በራ። «ወይ የወሎ ሰው! ለካ ይወስዳል ብለው ያስፈራሩን፣ ፈርተን ከቦዩ በታች እንድናወርደው ነው!»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። አንዱ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ከደቂቃዎች በፊት ያው እጅ በትር ጨብጦ ነበር። ስማቸው እንኳ፣ በአራት ዓመት ትምህርት አንድ ቀን በአድናቆት አይቶኝ የማያውቀው ስማቸው፣ አፉን ከፍቶ ያየኛል። እውነቱን ስናገር ልደበደብ ነበር፤ ብስል ጠቢብ ተባልሁ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ አላሰላሁትም።

መዘውሩ እዚያው ቀረ፤ ስማቸው ከወንዙ እስከ ኬላው ሽቦ ዘረጋ፤ መዝገቦቹም ከማቀዝቀዣው ወጥተው ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። በቀጠሮው ቀን ጥሩዓለም ደውላ፣ «መምህር፣ ዛሬ ትከሻዬ ላይ ምንም የለም» ስትለኝ ከጀርባዋ የጨቅላዎች ልቅሶ ይሰማ ነበር። መርፌ የተወጋ ልጅ ልቅሶ ነው፤ ደስ ይላል። ሐምሌ ላይ ግን ወንዙ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ መጣ፤ አያ ልየው ጎርፉ ሳይደርስ ጥንድ በሬያቸውን ይዘው ወርደው መዘውሩን ወደ ዳር አስወጡት፤ ጥሩዓለምም ጎርፉ እስኪያልፍ ጥቂት ሳምንት ወደ በረዶ ሳጥኗ ተመለሰች። ከዚያ መልሰው አወረዱት። አያ ልየው አሁን ስማቸውን ሰፋ ያለ መዘውር እንዲሠራ ይወተውቱታል። ለጤና ኬላው ነው ይላሉ።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች ፍኖተ ሰላም ድረስ ቤቴን ጠይቀው መጡ። ከታችኛው ቀበሌ ናቸው፤ የወንዙን ስም ያልጠራሁላችሁም ሌሎች ተከትለዋቸው እንዳይመጡብኝ ነው። ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁ፣ መጨረሻ ላይ አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። ጉልበቱ የተወሰደበት ውሃ ነው የሚደርሰን ይባላል፤ ደግሞ መዘውሩ ውሃ ያበዛል ይባላል፤ የቱ ነው እውነቱ? ለኛስ የት ቢቆም ይሻላል?

ወንዛቸውን በዚያ በኩል አይቼው አላውቅም። አለት ይኑረው ደለል፣ ጠባብ ይሁን ሰፊ፣ ምንም የማውቀው የለም። በዚህ ጊዜ እንኳ ሳል አያስፈልግም፣ ቁርጡን ልናገር ብዬ ቆረጥሁ።

«አባቶቼ» አልኋቸው፣ «እውነቱን ልንገራችሁ። አላውቅም።»

ተያዩ። ሁለቱም ፈገግ አሉ። አንደኛው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ገብቶናል መምህር፤ ምስጢሩ ከኛ አይወጣም። መቼ ይመጡልናል?»

ሦስት ጊዜ አላውቅም አልሁ። በእያንዳንዱ «አላውቅም» አክብሮታቸው ሲጨምር በዓይኔ አየሁ። ምን ላድርግ?

«ቅዳሜ» አልኋቸው።