የማይሸነፈው ፀሐይ ኦስሎ ሲደርስ

ሥልጣን ላይ የወጣ ሰው ከፀሐይ ጋር መታየት ይወዳል። ካላመናችሁኝ የጥንት ሮማውያንን የወርቅ ሳንቲም ተመልከቱ። ንጉሡና የፀሐይ አምላክ ጎን ለጎን ተቀርጸዋል፤ አብረው ፎቶ የተነሡ ባልንጀሮች ነው የሚመስሉት። አምላኩ የጨረር አክሊል ደፍቷል፤ ስሙም «የማይሸነፈው ፀሐይ» ነው። ይህን ስም ያወጡለት ሰዎች ታኅሣሥን ኦስሎ አላሳለፉም። እኛ ዘንድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሸነፋል።

ሳንቲሞቹን ያየሁት ሙዚየም ውስጥ ነው። ዕውቀት ፍለጋ አልሄድኩም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ፤ ሰው ሁሉ «እንዴት ነህ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ፊቴ ላይ ይፈልጋል። ሙዚየም ይሞቃል፤ የሚጠይቅም የለም። የአምስት ዓመቷን ልጄን ቤዛን ይዤ እዞራለሁ። ቤዛ እናቷ ከተቀበረች ጀምሮ «ማማ» ብላ አታውቅም። ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ያሉት አስተማሪዎቿ «ራሷ እስክትጀምር ጠብቅ» አሉኝ። ስድስት ወር ጠበቅሁ።

«ይሄ ማነው?» አለችኝ ቤዛ፣ ሳንቲሙን እያየች።

«ፀሐይ ነው» አልኳት። አምላክ የሚለውን ዘለልኩት።

እናቷ ካስተማረቻት ነገር አንዱ፣ ራሱ ዙሪያ ብርሃን ያለበትን ሥዕል ሁሉ መሳለም ነው። ስለዚህ አላመነታችም። አማተበች፤ ሳንቲሙ ያለበትን መስታወት ሳመች፤ ግንባሯን አስነካች። ከዚያም ታንሾካሹክለት ጀመር።

«አንተ! ልጅቷን ጣዖት ታሳልማለህ?»

ዞር ስል፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እትዬ አስካለ መወልወያ ጨርቅ ይዘው ቆመዋል። ለካ የሙዚየሙ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው።

«ቀደመችኝ፣ እትዬ።»

«ምን እያልሽው ነው ደግሞ?» አሏት።

«ማማ ያለችበት ይጨልማል» አለች ቤዛ። «ቶሎ ውጣላት እያልኩት ነው።»

ስድስት ወር የጠበቅሁት ቃል መጣ። የመጣው ለሮማ ጣዖት ነው።

ስሕተት መሆኑን አትነግራትም? ትሉኝ ይሆናል። መንገር ነበረብኝ። እትዬ አስካለ እንኳ አንድ ነገር ይሏታል ብዬ ወደሳቸው ዞርኩ። ከጾም ቀን አንዱን እንኳ የማይስቱ ሴት ናቸው።

ሳንቲሙን አዩ። ልጅቷን አዩ። እኔንም አዩኝ፤ «እንዴት ነህ?» ግን አላሉኝም።

«እንግዲህ» አሉ ጨርቃቸውን እያጣጠፉ፣ «ከመወልወሌ በፊት ሌላ የሚሳለም ካለ ቶሎ ይበል።»

ወደ መስታወቱ ጎንበስ አልኩ።