በእኔ ያደገው መምህር

እናንተዬ፣ ሰው በሌላው አለማወቅ ሲያድግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ያደገውም በእኔው ነው።

ቁስቋም ሠፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም ነበር፤ ከቀበሌ የሚመጣልኝን ወረቀት ሰው ሳላስቸግር ማንበብ ነበር ምኞቴ። ከኮሌጅ የተላከ አንድ ተለማማጅ መምህር ይህን ሰምቶ፣ "አያ ተገኘ፣ እኔ አስተምርዎታለሁ" አለኝ። መረቅሁት።

ታዲያ በየቀኑ አንድ ፊደል ያሳየኝና ማስታወሻውን ይገልጣል። ስሳሳት ደስ ብሎት ይጽፋል። ሳስል እንኳ ይጽፋል። "ምነው ልጄ?" ብለው፣ "በሙያዬ እያደግሁ ነው" ይለኛል። እሱ ሲያድግ እኔ ሥራ ፈትቼ ከግድግዳው ገበታ ፊደሉን ለብቻዬ እለቅም ነበር።

የኮሌጁ ገምጋሚ የመጣ ዕለት ልጁ ማስታወሻውን አስያዘኝ። ማንበብ ከማይችል ሰው ምን ይደበቃል? ገለጥሁና ጮክ ብዬ ለቀምሁ፦ "አያ... ተ...ገ...ኘ ዛ...ሬም ማንበብ አል...ቻሉም። እኔ ግን ከ...እሳቸው ትዕ...ግሥት ተምሬያለሁ።"

ገምጋሚው መነጽሩን አወለቀ። እኔ ለልጁ አፈርሁለት። እሱ ግን እስክሪብቶውን መዝዞ፣ "አያ፣ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ፤ እድገቴ ላይ ልጨምረው" አይለኝም!

የቀበሌ ወረቀቴን አሁን ራሴ አነባለሁ። እሱም ሸጋ ማርክ አገኘ። ሲሰናበተኝ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ "አያ፣ በሠፈርዎ የማያነብ ሰው ካለ አይደብቁኝ፤ ገና ብዙ ማደግ አለብኝ" አለኝ።