አንድ አንድ አክሲዮን

ሀብትን በጥበብ የሚመሩ ታላላቅ ሰዎች ሁሉ በትልልቅ ወንበሮች ላይ አይገኙም፤ አንዳንዶቹ ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ተቀምጠዋል። የቀድሞው የመምሪያ ኃላፊ ከእነዚህ ብርቅዬ ሰዎች አንዱ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በክብር ቢሸኛቸውም ስብሰባን ይዘውት መጥተዋል። እራት ከመቅረቡ በፊት አጀንዳ ያስይዛሉ፤ ሚስታቸው ብቸኛዋ ተሰብሳቢ ናት።

የዚያን ምሽት አጀንዳው የስፌት መኪና ነበር። ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናት። አሮጌው መኪናዋ ጨርሶ እምቢ ስላላት የአዲስ መግዣ በስንት መከራ አጠራቅማለች።

«በቃ፣ ነገ ሄደን እንግዛ» አለች።

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገንዘብ እንዲሁ ዘው ተብሎ አይወጣም። መጀመሪያ አክሲዮን ገዝተን ይውለድ።»

«ቢከስርስ?»

«እኔ ምን ልሠራ ተቀምጫለሁ ታዲያ! ሁሉንም አንድ ድርጅት ላይ አንደፋም። ከሲሚንቶው አንድ፣ ከሳሙናው አንድ፣ ከመርከቡ አንድ... አደጋው ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ መግቢያ ያጣል።»

ሐሳቡ ምንም እንከን አልነበረውም። አክሲዮኑን የሚያሻሽጠው ደላላ ግን አንድ አክሲዮንም ተገዛ መቶ፣ በየግዢው ያንኑ ኮሚሽን ይቆርጣል። ኃላፊው ይህን ሳያዩት አልቀሩም፤ «መጠነኛ የአስተዳደር ወጪ» ብለው በክብር አለፉት። ከዚያም በየሰኞው ዋጋው የጨመረውን እየሸጡ፣ የቀነሰውን እየገዙ ሚዛን ያስጠብቁ ጀመር። ደላላው «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ ደንበኛ እኮ የለንም!» እያለ ወንበር ይስብላቸዋል። እውነቱን ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ የቤተሰቡ ጉባኤ ተጠራ።

«በታላቅ ደስታ የምገልጸው፣ ከያዝናቸው ድርጅቶች አንድም አልከሰረም።»

«እሰይ! ገንዘቡ የታለ ታዲያ?»

«ገንዘቡ እንኳ... በኮሚሽን አልቋል። ግን ከእንግዲህ የሚያሰጋን ነገር የለም!»

ሚስታቸው አንጀቷ አረረ። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። ያ ደላላ ለአዲሱ ቢሮው ምርቃት ሠራተኞቹ የሚለብሷቸውን ሸሚዞች አዝዟት፣ በእጇ ስትሰፋ ጣቷ ቆስሏል። የቀረው አዝራር ብቻ ነበር። ሸሚዞቹን ከነመርፌው ባሏ ጭን ላይ ጣለችና፣ «በል ትከል! እኔስ ደከመኝ» ብላ ተኛች።

ኃላፊው ኃላፊነቱን ተረከቡ። አንዱን ሸሚዝ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ግን ለአደጋ መጋለጥ መስሎ ታያቸው። ስለዚህ በየሸሚዙ አንድ አንድ አዝራር ተከሉ። በየሸሚዙ ክር እየቆረጡ፣ እንደገና እየቋጠሩ ሲሄዱ ክሩ አለቀ። እሳቸውም የሥራ ክንውኑን አጥጋቢ ብለው ተኙ።

በማግስቱ ደላላው እየተጣደፈ መጣ። አንዱን ሸሚዝ አነሳ፣ ሌላውን አነሳ።

«ኧረ እትዬ፣ ምን ጉድ ነው? ምርቃቱ እኮ ዛሬ ነው! የሚለበስ አንድ እንኳ የለም!»

ልብስ ሰፊዋ ሸሚዞቹን አየች፤ ባሏን አየች። ከዚያ ስንት ጊዜ ያልሳቀችውን ሳቅ ሳቀች።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ አደጋው ተከፋፍሎልሃል» አለችው፤ «ሒሳቡ ግን በየሸሚዙ ነው። አለቀም አላለቀም፣ ያው ነው።»