የግድግዳዋ ሽማግሌዎች

ባለፈው እሁድ፣ ምሳ ተበልቶ ገበታው ሳይነሳ፣ አቶ ቢያድግልኝ ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋ ላይ ጋደም እንዳሉ ሕልም አዩ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ የእሳቸውን ሕልም ግን ከፈቺው በፊት ቀለም ቀቢው ደረሰበት።

አቶ ቢያድግልኝ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው በጡረታ የተሰናበቱ፣ ከሰው ተለይቶ መታየትን እንደ ጉንፋን የሚሸሹ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች ደግሞ መጋረጃ ሰፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ቤት ክሬም መጋረጃ ሲሰፉ ኖረው፣ ባለፈው ክረምት "አሁንስ የራሴን ቤት ላልብሰው" ብለው ተነሱ። የኮንዶሚኒየሙን ሳሎን ትልቁን ግድግዳ የበሰለ ማንጎ አስመሰሉት። በላዩም የእናታቸውን ሰፌድ፣ አበባ የተሳለባቸውን የብረት ሰሃኖች፣ ልጃቸው ምንትዋብ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እየጠበቧት የተወቻቸውን ቀሚሶች በተርታ ሰቀሉ። ሶፋውን ከየደንበኛው በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ሸፈኑት። ይህ ሳይበቃቸው ጣሪያውን ሰማያዊ ቀቡና ሰባት የሚበሩ ዶሮዎች ሳሉበት።

"ዶሮ ይበራል እንዴ?" ብለው ጠየቁ አቶ ቢያድግልኝ።

"ዕድሜዋን ሙሉ መሬት ስትጭር የኖረች፣ አንድ ቀን ሰማይ ብታይ ማንን ይጎዳል?" አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

እውነቱን ለመናገር አቶ ቢያድግልኝ ያንን ሳሎን ይወዱት ነበር። ቤት ውስጥ ማንም በሌለበት ሰዓት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግድግዳው ፊት ይቆሙና ፈገግ ይላሉ። ሰው ሲመጣ ግን "የእሷ ሥራ ነው" ብለው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ምንትዋብን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚመጡ የተነገራቸው ቀን ደግሞ ጭንቅ ያዛቸው። "ሰው ምን ይለናል? የልጅቷ እናት ንክ ናት ብለው ቢመለሱስ? ልጄ በዶሮ ምክንያት ቆማ ትቅር?" አሉና ነጭ ቀለም ገዝተው ቀቢ ቀጠሩ። ወይዘሮ አሰገደች አንድ ቃል ብቻ መለሱ።

"እንደፈለግህ።"

በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር አቶ ቢያድግልኝ የሚፈሩት ቃል ቢኖር ይህ ነው። ቀቢው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ቀረ፤ እሁድ ከምሳ በኋላ አልቀርም አለ። እሱን ሲጠብቁ ነው እንቅልፍ የጣላቸው።

በሕልማቸው አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ከብዙ ሰው ጋር ተሰልፈው ቆመዋል። ቤቶች በፊታቸው እየተንጎራደዱ ሰው ይመርጣሉ። ቪላው አጥሩን ሰብስቦ፣ ጎጆው ክዳኑን ነቅንቆ፣ ሁሉም እንደ አቅሙ ያማርጣል። አንድ ደላላ አቶ ቢያድግልኝን በክንዳቸው ይዞ ለአንዲት ባለ ቆርቆሮ ቤት ያሳያል።

"ይኸውልሽ እትዬ፣ ይሄኛው ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። መሠረቱ ጠንካራ ነው። ወገቡ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ አያፈስም። ደግሞ ጸጥ ያለ ነው፤ ጎረቤት አይሰማውም።"

"ውስጡን ልየው" አለች ቤቲቱ።

ደላላው የኮታቸውን ቁልፍ ፈታና ደረታቸውን እንደ በር ከፈተው። ቤቲቱ መስኮቷን አስጠግታ ወደ ውስጥ ተመለከተች። አቶ ቢያድግልኝም አንገታቸውን ደፍተው አብረዋት አዩ። አራት ክሬም ግድግዳ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ዓመቱ ያለፈበት የመድኃኒት ቤት ካላንደር። ሌላ ምንም የለም።

"ገና አልገባበትም እንዴ?"

"ኧረ ስልሳ ሁለት ዓመት ኖሮበታል!"

"እግዚአብሔር ያጽናው" አለች ቤቲቱ፤ መስኮቷን ዘግታ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

አቶ ቢያድግልኝ እፍረት ገደላቸው። "ዕቃው መንገድ ላይ ነው! ይመጣል!" ብለው ከኋላዋ ጮኹ። የሰማቸው የለም። ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ።

አራተኛ ፎቅ ለመድረስ አራት ፎቅ ወደ ታች መውረድ ነበረባቸው። በየደረጃው በሮች ሁሉ ተከፍተዋል፤ ሳሎኖቹ ሁሉ ክሬም ናቸው፣ ሶፋዎቹ ሁሉ ቡናማ ናቸው። ባሎች የራሳቸውን ቤት መለየት አቅቷቸው ባገኙት በር ይገባሉ።

"ይቅርታ፣ ቤቴ መስሎኝ ነው" አለ አንዱ።

"ምን ችግር አለ፣ ምሳ ቀርቧል፣ ታጠብ" አለች የቤቱ እመቤት። "የኔውም ሰውዬ ከሐሙስ ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው።"

አቶ ቢያድግልኝ የራሳቸውን በር ወዲያው አወቁት። ከሥሩ የማንጎ ብርሃን ይወጣል። ዕድለኛ መሆናቸው ልባቸውን ሞቅ አደረገውና ገቡ።

ገና አረፍ ሳይሉ በሩ ተንኳኳ። ቢከፍቱ አራት የቤት ዕቃዎች ቆመዋል፤ ነጠላ ያጣፋ ቡፌ፣ ከዘራ የያዘ ሶፋ፣ ከኋላ ሁለት በርጩማዎች። አቶ ቢያድግልኝ ምን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ሽማግሌዎች ናቸው። በቡፌው መስታወት ውስጥ ብርጭቆ አልነበረም። የክት ልብስ የለበሱ ስድስት ሰዎች ተደርድረዋል።

"አይንኩን" አለ አንደኛው ከመደርደሪያው ላይ። "እኛ ለእንግዳ ነን። አሥራ አምስት ዓመታችን ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልወጣንም።"

"እሺ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ አቶ ቢያድግልኝ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ቡፌው።

"ደግሞስ" አለ ሶፋው "እኛ ሌላውን አስቀመጥን እንጂ መቼ ተቀምጠን እናውቃለን? አኳኋኑም አይገባንም።"

ቡፌው ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ አቶ ቢያድግልኝ፣ ጨዋነትዎን ሰምተን ነው የመጣነው። ግድግዳችሁን ለግድግዳችን።"

ማንጎዋ ግድግዳ ጆሮዋን ጣለች። የታሰበላት በአንድ አዲስ ሕንፃ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ነጭ ግድግዳ ነበር።

"ልጃችን የተመሰገነ ነው" አለ ሶፋው። "ሚስማር ነክቶት አያውቅም።"

"አያውቅም! አያውቅም!" ብለው መሰከሩ በርጩማዎቹ።

ከዚያ ዘር ይቆጠር ተባለ፤ ዝምድና ካለ መጋባት ነውር ነውና እስከ ሰባት ቤት። ግድግዳዋ ራሷ ቆጠረች። "እኔ ማንጎ። ከሥሬ ክሬም። ከክሬሙ ሥር ሌላ ክሬም። ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ ልስን፣ ከዚያ ብሎኬት፣ ከዚያ አሸዋ።"

"አሸዋው የየት ወንዝ ነው?"

"የአዋሽ።"

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። የእነሱም አሸዋ የአዋሽ ነው። ቡፌው ከሆዱ ሰዎች ጋር ተማከረና "ወንዙ ስምንተኛው ላይ ነው የሚመጣው፤ ይጋባሉ" አለ። ሁሉም እፎይ አሉ።

"አንድ ነገር ቀርቷል" አለ ሶፋው። "እሷስ? ሚስማር ነክቷት ያውቃል?"

አቶ ቢያድግልኝ ግድግዳዋን ቀና ብለው አዩ። አሥራ ሰባት ሚስማር አለባት። እያንዳንዱ ሲመታ ሰምተዋል፤ ለሦስቱማ ራሳቸው ናቸው ወንበር የደገፉት። ወይዘሮ አሰገደች በሩ አጠገብ ቆመው መልሱን ይጠብቃሉ። ጣሪያው ላይ ዶሮዎቹም ክንፋቸውን አቁመው ይጠብቃሉ።

"አንድም ሚስማር ነክቷት አያውቅም" አሉ አቶ ቢያድግልኝ።

"ይምላሉ?"

"እምላለሁ።"

መሐላው ከአፋቸው እንደወጣ ሚስማሮቹ አንድ በአንድ እየተነቀሉ ወደቁ። ሰፌዱ ተንከባሎ በመስኮት ወጣ። ሰሃኖቹ ተከተሉት። የምንትዋብ ቀሚሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ደረጃውን ጀመሩት፤ የሁለት ዓመቷ ቀሚስ መራመድ ስላቃታት ትልልቆቹ አቅፈዋት ሄዱ። ዶሮዎቹ ወለሉ ላይ አርፈው መጫር ያዙ። ማንጎው ከላይ ወደ ታች እየገረጣ ክሬም ሆነ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ።

አቶ ቢያድግልኝ "አየሽ፣ በሰላም ተገላገልን" ሊሉ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ወይዘሮ አሰገደች የሉም። የሉም እንዳይባል ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም፤ ግን እጃቸው ክሬም፣ ቀሚሳቸው ክሬም፣ ፊታቸው ክሬም ሆኗል። እሳቸው የት እንደሚያልቁ፣ ግድግዳው የት እንደሚጀምር አይለይም።

"አሰጉ! የት ነሽ?"

"እንደፈለግህ" አለ ግድግዳው።

አቶ ቢያድግልኝ በዕድሜያቸው እንደዚያ ፈርተው አያውቁም። ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳብሱ ጀመር። ቀዝቃዛ ነው። የሚስታቸውን ትከሻ ፈለጉ፣ መርፌ የጠቀጠቀውን ጣታቸውን ፈለጉ፤ እጃቸው ላይ የሚገባው ልስን ብቻ ነው። "ቆይ፣ አንድ ነገር ልስቀል፣ ያለሽበትን ልወቅ!" እያሉ ኪሳቸውን በረበሩ። ባዶ ነው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

"ሚስማር ስጡኝ! ሚስማር ካላመጣችሁ አልሰጥም! አልሰጥም!"

እያሉ ነቁ።

ፊታቸው ላይ ላስቲክ ነበር። ገልጠው ቀና ሲሉ ሳሎኑ ነጭ ነው። ትልቁ ግድግዳም ነጭ፣ ጣሪያውም ነጭ። ሰባቱም ዶሮዎች የሉም። ሰፌዱ፣ ሰሃኑ፣ ቀሚሱ በአንሶላ ተቋጥሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቀቢው ብሩሹን ባልዲ ውስጥ እያጠበ "ጋሼ፣ እትዬ 'ደክሞታል፣ አትቀስቅሰው' ስላሉኝ ነው ላስቲክ ያለበስኩዎት" አለ። አቶ ቢያድግልኝ ከሶፋው ተነሱ።

ሌሎቹን ያዩት ያን ጊዜ ነው። አራት እውነተኛ ሽማግሌዎች፣ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድመው መጥተው፣ እርጥብ ቀለም እንዳይነካቸው መሃል ሳሎን ተጠጋግተው ቆመዋል። ሲገቡ በላስቲክ የተሸፈነ ሰው አይተው ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ነበር። አሁን እየተሳቀቁ ያስተካክላሉ።

ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ አባት የተናገረው ቃል መሬት አይወድቅም። ትልቁ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

"አቶ ቢያድግልኝ፣ እኛ አፋችንን ሳንከፍት እርስዎ ጥያቄዎን አስቀደሙ። ከጥሎሹም ከወርቁም በፊት ሚስማር ያለ አባት አጋጥሞን አያውቅም፤ ያም ሆኖ ተሰምቷል። ስንት ኪሎ ይሁን?"

አቶ ቢያድግልኝ "ይቅርታ አባቶቼ፣ ሕልም ነው" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ወይዘሮ አሰገደች በሩ ላይ ቆመው ወለሉን ያያሉ። አቶ ቢያድግልኝ አፋቸውን መልሰው ዘጉት። ከዚያ አባት በሽማግሌ ፊት የማያደርገውን አደረጉ፤ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"አሰጉ፣ ስንት ይበቃሻል?"

ወይዘሮ አሰገደች ነጩን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው አዩት። ጣሪያውንም አዩት።

"አምስት ኪሎ" አሉ። "መዶሻውን ሙሽራው ራሱ ይዞ ይምጣ።"