ከማንም ተጣልቶ አያውቅም

ነጥቡ ያነሰ ሰው መካሪው ብዙ ነው። በማዕረግ የተመረቀውንማ ማን ደፍሮ ይመክረዋል? እኔ ግን ሁለት ነጥብ ሦስቴን ይዤ፣ ከደርግ በሞያሌ በኩል አምልጬ ናይሮቢ ስገባ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ያለ አበሻ ሁሉ የትምህርት አማካሪዬ ሆኖ ቁጭ አለ። ለማስተርስ የት ላመልክት ብል አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ስመ ጥሩውን ሁሉ ዘረዘሩልኝ። ስሙ የማይታወቅ ቦታ ብገባ ለሰው ምን እንደሚሉ ጨንቋቸዋል። በቴርሞዳይናሚክስ ያገኘኋት ዲ የጎረቤት እንጂ የእኔ አትመስላቸውም ነበር።

እኔ ደግሞ የጨነቀኝ ሌላ ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀርቶታል፤ የሚቀበለኝ ትምህርት ቤት ካላገኘሁ ከናይሮቢ ወጥቼ መጠለያ ጣቢያ ልገባ ነው። ስለዚህ ለልጆቹ ብዬ ሁለት ዝነኛ፣ ለነጥቤ አዝኜ ደግሞ ካናዳ ያለ አንድ ማንም የማያውቀው ትምህርት ቤት መረጥኩ።

የቀረው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። አዲስ አበባ ያሉት አስተማሪዎቼ ለኮበለለ ሰው ጽፈው ማን ያድናቸዋል? ጋሽ ተስፋይ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ተስፋይ የአስመራ ሰው ናቸው፤ አገር ቤት መንገድ ሥራ ላይ አራት ዓመት አለቃዬ የነበሩ መሐንዲስ፣ ያን ጊዜ ግን እዚያው ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር፣ የዕቃ መጋዘን ተቆጣጣሪ። ደስ ብሏቸው ጻፉ፤ ራሳቸው ፖስታ ቤት ወስደው ለሦስቱም ላኩ። የመሥሪያ ቤት ሰው አይደሉ? ግልባጩን ለእኔ ሰጡኝ።

አነበብኩት። ስለ ሒሳብ ችሎታዬ አንዲት ቃል የለም። የጨዋ ልጅ እንደሆንኩ፣ ታላቅ ሲመጣ ከመቀመጫዬ እንደምነሳ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ከማንም ተጣልቼ እንደማላውቅ፣ እንዲያውም የተኳረፉ ሁለት የግሬደር ነጂዎች አስታርቄ ሥራ እንዳስቀጠልኩ ይተርካል። ለምህንድስና ነው የላኩኝ ወይስ ለሽምግልና? ገደሉኝ ብዬ ጮህኩባቸው፣ በሩን በላያቸው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ አልተነጋገርንም።

ሁለቱ ዝነኞች በየተራ አይሆንም አሉ። ሦስተኛው ፖስታ ከካናዳ መጣ። የጻፉልኝ ፕሮፌሰር ነጥቤ ዝቅ ማለቱን አልሸሸጉም። ነገር ግን ቤተ ሙከራቸው ውስጥ ያሉት ሁለት ተማሪዎች ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንዱ ካለ ሌላው አልገባም እያለ ሥራው ቆሟል። ሒሳብ የሚችል ሞልቷል፣ ከሰው የሚስማማ ነው የጠፋው፣ ቶሎ ድረስ ይላሉ። ተመስገን ነው! አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እንደዚያ ያለ እፎይታ ዳግመኛ አላገኘሁም።

እፍረቱ የመጣው በማግስቱ ነው። ሰላማዊ ነው የተባልኩት ሰውዬ ከመሰከሩልኝ ሰው ጋር ተኳርፌያለሁ እኮ! ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ለሽምግልና ለምኜ በማታቱ ሚኒባስ ኢምባካሲ ሄድን። ጋሽ ተስፋይ ጉልበት ላይ ወድቄ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ በጠባዬ ውሸታም አደረግሁዎት አልኳቸው።

አንስተው ሳሙኝ።

"ኧረ እኔ አልዋሸሁም" አሉኝ። "ደብዳቤው ላይ ቀን አለ። የመሰከርኩት እስከዚያ ቀን ድረስ ላለው ነው።"